መልስ፦ በጋለ ብረት ምልክት ጠባሳ ላይ ስለበቀለው እባጭ

በላምዎ ጠባሳ ላይ የበቀለውን እባጭ በጋለ ብረት ዳግመኛ ልተኩሰው ወይ ብለው ጠይቀዋል። አይ፣ አይተኩሱት። ላምዎ በጥጃነቷ ታፋዋ ላይ በጋለ ብረት ምልክት የተደረገባት ከሆነና ጠባሳው ከዓመታት በኋላ እንደ ኪንታሮት አብጦ እየደማ አልድን ካለ፣ የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ጥልቅ ቃጠሎ የፀጉሩን ሥር ሁሉ ያጠፋል፤ የቀረው ስስ ጠባሳ በየጊዜው ሲሰነጠቅና ሲቆስል ኖሮ አንዳንዴ ወደ ዕጢ ይለወጣል።

በዓይን ብቻ ግን አይፈረድም፤ ተራ ኪንታሮት ወይም መግል የቋጠረ እባጭም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ፦

1. የእንስሳት ሐኪም ከእባጩ ጠርዝ ናሙና ወስዶ ለላቦራቶሪ ይላክልዎ። ካንሰር ከሆነ ገና ትንሽ ሳለ በዙሪያው ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር ሰፋ አድርጎ ቆርጦ ማውጣት ይሻላል።
2. ከጉልበቷ ከፍ ብሎ፣ ከታፋዋ ፊት ለፊት ከቆዳው ሥር ያለውን ንፍፊት በሁለቱም ጎን ይዳስሱ። በእባጩ በኩል ያለውን ጠንክሮና ከሌላው ጎን ይልቅ አብጦ ካገኙት ለሐኪሙ ይንገሩት።
3. እስከዚያው ቁስሉን በንጹሕ የጨው ውሃ ይጠቡት፤ ዝንብ አያርፍበት።

ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርዎ፦ ላሚቱ እስከበላችና እስከታለበች ድረስ ሰው ይዘናጋል። እባጩ ሥር ሰዶ ሥጋ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሐኪሙም ብዙ ሊረዳዎ አይችልም። በዚህ ሳምንት ያሳዩዋት።