የተሰነጠቀ ጀልባ ግቢ ውስጥ መጠገን፦ ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ ግቢያችን ውስጥ ተገልብጣ የተቀመጠችውን ጀልባ ያየ ሁሉ «ውሃው የት አለና?» ይለኛል። ውሃው ላንጋኖ ነው። ጀልባዋ ባለ ሸራ ናት፣ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ20፣ ገላዋ ፋይበር ግላስ፣ ማለትም በሙጫ የደረቀ የብርጭቆ ክር። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ከስር ያለ ድንጋይ አይታይም። ከዳር ስንወጣ አንዱ ድንጋይ ሆዷን መዳፍ በሚያህል ስፋት ቀደደው። እዚሁ ግቢ ውስጥ በእጄ ጠገንኳት፤ ዛሬም ትሄዳለች። ያወቅኩትን ላካፍል ብዬ «ጠይቁኝ» ስል ብዙ ጥያቄ መጣ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ጋራዥ ወስጄ በስቱኮ ባስደፍነውስ? ለመኪና ከሠራ ለጀልባ ምን ይለየዋል?

አይሆንም ወንድሜ። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። አንድ ባትላሜራ በግማሽ ቀን ደፍኖ፣ አለስልሶ፣ ቀለም ቀብቶ መለሰልኝ። አይን የሚማርክ ሥራ ነበር። ላንጋኖ በገባች በሁለተኛው ቀን ድፍኑ እንደ ደረቀ ጭቃ ተላቆ ወደቀ። የመኪና ስቱኮ ውስጡ ዱቄት ነው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ክር የለውም። የፋይበር ግላስ ጉልበቱ ደግሞ ክሩ ነው። ክሩ ከተበጠሰ በክር ነው የሚጠገነው። ስቱኮ ጭረት ለመሙላት ይሁን፣ ያውም ከውሃ መስመር (ጀልባዋ ስትንሳፈፍ ውሃው ከሚደርስበት) በላይ።

የተጎዳው ቦታ የት ድረስ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

በሳንቲም። የአንድ ብር ሳንቲም ይዘህ ከቀዳዳው ራቅ ካለ ቦታ ጀምረህ እያንኳኳህ ወደ ቀዳዳው ቅረብ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ሽፋኖቹ የተላቀቁበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ይታፈናል። እዚያ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግ። የእኔ ቀዳዳ መዳፍ ያክል ነበር፤ በእርሳስ ያሰመርኩት ግን የእንጀራ ግማሽ አከለ። የታፈነው በሙሉ ተሞርዶ ይወጣል። አይዞህ፣ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ሥራው ያው ነው።

ቀዳዳዬ ትንሽ ናት። ዙሪያውን ሰፊ ቦታ መሞረድ ለምን አስፈለገ?

ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ፋይበር ግላስ ከአሮጌው ጋር ኬሚካላዊ ውህደት አይፈጥርም፤ የሚይዘው በማጣበቂያ ጉልበት ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጣበቅበት ስፋት ያስፈልገዋል። ልኩ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። የገላው ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከቀዳዳው ጠርዝ ወደ ውጭ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ዙሪያውን፣ እንደ ሳህን ጎን እየሳሳ ይሞረዳል። በግራይንደር ጀምር፣ በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ጨርስ። ጣትህን ስታሳልፍበት ደረጃ ሊሰማህ አይገባም።

ከዚያ ማቱን (የብርጭቆ ክር ምንጣፉን) በልክ ቁረጥ። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው ማት በሬዚን (ክሩን ይዞ በሚደርቀው ፈሳሽ ሙጫ) ሲርስ አንዱ ድርብ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ስንት ድርብ እንደሚያስፈልግህ ከዚህ ይወጣል። እኔ ትልቁን አስቀድሜ አነጥፋለሁ፤ የተሞረደውን በሙሉ የሚነካው እሱ ነውና። ትንንሾቹ ከላይ ይደረባሉ። በእያንዳንዱ ድርብ አየሩን በሮለር እየተጫንክ አስወጣ። ነጭ ነጥብ ከታየህ አየር አለ ማለት ነው።

ከሬዚኖቹ ፖሊስተር ይሻላል ወይስ ኢፖክሲ?

ከውሃ መስመር በታች ለሆነ ቀዳዳ ኢፖክሲ፤ አሮጌ ገላ ላይ የበለጠ ይይዛል። ዋጋው ግን ይከብዳል፤ ፖሊስተርም በደንብ ከተሞረደ ትንሽ ጀልባን ያኖራል። ሁለት ነገር አትርሱ። ኢፖክሲ በፖሊስተር ላይ ይይዛል፣ ፖሊስተር በኢፖክሲ ላይ ግን በደንብ አይይዝም። ሌላው፣ የተለመደው ማት ክሩ የተያያዘበት ሙጫ የሚሟሟው በፖሊስተር ነው። ለኢፖክሲ ከሆነ እንደ ጨርቅ የተሸመነውን ፋይበር ግላስ ግዙ።

ሐምሌ ላይ እረፍት አለኝ። ያኔ ልሥራው?

እባክህ ተው። አዲስ አበባ ላይ ጥገና የሚያበላሸው እጅ ሳይሆን ቅዝቃዜና እርጥበት ነው። ሬዚን የሚወደው ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ነው። የእኛ ሌሊት ከዚያ በጣም ይወርዳል፤ በክረምት ደግሞ አየሩ ራሱ ውሃ ነው። ኢፖክሲ በእርጥብ ብርድ ሲደርቅ ላዩ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር ያወጣል። ያንን በውሃና በሻካራ የእቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ሳታጥብ ሁለተኛ ድርብ ብታነጥፍ ይላቀቃል።

ገላውም መድረቅ አለበት። አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ በተሞረደው ቦታ ላይ ዘርግተህ ዙሪያውን በፕላስተር አሽግና አሳድረው። ጠዋት ከስሩ ጤዛ ካየህ ገና ነው። እኔ ሦስት ጊዜ አሽጌ ሦስቴም ጤዛ አገኘሁ። በአራተኛው ነው የጀመርኩት፤ አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ልጆቼ «መቼ ነው የምትጨርሰው?» እያሉ ሲያጣድፉኝ ልቤ ይሸፍት ነበር። አሁን ሳስበው ጀልባዋን ያተረፋት ያ አምስት ሳምንት ነው።

ከጥቅምት በኋላ ያለው በጋ ጥሩ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምርና ብርዱ ሳይመጣ እንዲይዝልህ 8 ሰዓት ላይ ጨርስ። ጥላ ሥር ሥራ፤ ቀጥታ ፀሐይ ሬዚኑን በእጅህ ላይ ያደርቀዋል።

ሃርድነሩ (ሬዚኑን የሚያደርቀው) ስንት ነው የሚጨመረው? ሻጩ «በግምት» አለኝ።

በግምት አይደለም! ለፖሊስተር ከሬዚኑ ክብደት ከመቶ 1 እስከ 2 ነው። ለ500 ግራም ሬዚን ከ5 እስከ 10 ግራም ማለት ነው። ፒያሳ ወርቅ ቤቶች ያለችውን ዓይነት ትንሽ ሚዛን ግዛ። ከ1 በታች ከሆነ መቼም በትክክል አይደርቅም። ብርድ ነው ብለህ ከ2 በላይ ብትጨምር ደግሞ ይሰባበራል። ይልቅ ሬዚኑን ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አሳድረው። ኢፖክሲ ላይ ግን ጣሳው ላይ ከተጻፈው ልክ ንቅንቅ የለም።

አንዳንድ ቦታ ኮባልት የሚባል ማፍጠኛ ለብቻው ይሸጣል። ኮባልትና ሃርድነር በቀጥታ እንዳይገናኙ። ይፈነዳሉ። ኮባልቱ መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ በደንብ ይማሰላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሃርድነሩ የሚገባው። መነጽር ሳታደርግ ሃርድነር አትክፈት፤ ዓይን ያጠፋል። ከነካህ ወዲያው በብዙ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠብና ሐኪም ዘንድ ሂድ።

በአንድ ጊዜ ብዙ አታዋህድ። የተረፈኝን አንድ ኩባያ ሙሉ አስቀምጬ ምሳ ልበላ ገባሁ። ስመለስ ይጨሳል፣ ኩባያው ቀልጦ ሲሚንቶው ላይ ተጣብቋል። አሁን በአንዴ ከ300 ግራም አላልፍም።

ባለቤቴ ግቢ ውስጥ ሊጀምር ነው። ልጆች አሉን፤ ጎረቤትም ቅርብ ነው። ሽታው ይጎዳል?

እህቴ፣ ይህን ማንሳትሽ ተገቢ ነው። የፖሊስተር ሽታ ስታይሪን ይባላል። ራስ ያዞራል፣ ይቀጣጠላልም። የአቧራ ማስክ አያቆመውም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልገዋል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። የቡና ከሰል እዚያ ግቢ ውስጥ ከተቀጣጠለ እሳቱ ጋ ሊደርስ ይችላል። ላዩን የምንጠርግበት ፈሳሽ፣ አሴቶንም እንዲሁ ነው። በሥራው ቀን ቡናው ጎረቤት ይፈላ፤ ጎረቤቶችንም ቀድማችሁ ንገሯቸው። የሚሞረድ ቀን ልጆቹ ከግቢ ይውጡ። የብርጭቆ አቧራው ያሳክካል፤ የሥራ ልብሱን ከልጆቹ ልብስ ጋር አትጠቢው።

ሦስት ቀን ሆነው፤ አሁንም ላዩ ይጣበቃል።

ፖሊስተር አየር የነካው ላዩ አይደርቅም፣ ጠባዩ ነው። የመጨረሻውን ድርብ በላስቲክ ሸፍነው፣ ወይም ሰም ያለበትን ሬዚን ተጠቀም። አሁን ላዩን በአሴቶን ጥረግና በጥፍርህ ተጫነው። ከስሩ ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ጥፍር ከገባበት ግን ሃርድነሩ አንሷል፤ ተሞርዶ ይነሳል።

ቀለሙስ?

ከሁለት ጣሳ የሚቀላቀለው የፖሊዩረቴን ቀለም። ኢፖክሲ ራቁቱን ፀሐይ ላይ አይቆይም።

መቼ ውሃ ውስጥ ላስገባት?

20 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ አንድ ሳምንት፣ ከቀዘቀዘ ሁለት። መጀመሪያ ሳንቲሟን መልሰህ አውጣና ጥገናውን በሙሉ አንኳኳ። ከዚያ ጀልባዋን ቀና አድርገህ ጎማ ላይ አስቀምጣትና አንድ ሁለት ባልዲ ውሃ ውስጧ አፍስስ። ከስር ደረቅ ጋዜጣ አንጥፈህ አሳድራት። ጠዋት ጋዜጣው ደረቅ ከሆነ መኪና ጥራና ጫናት።