ስድስት ግሉዮን፣ አንድ ደብተር

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ አዘዞ ነው፤ የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሁለት ግሉዮኖች (በአቶም ኒውክሊየስ ውስጥ ኳርክ የሚባሉትን ቅንጣቶች አጣብቀው የሚይዙ ቅንጣቶች) ተጋጭተው አራት ሲወጡ ያለውን አምፕሊቲዩድ (የግጭቱ ዕድል የሚሰላበትን ቁጥር) በፋይንማን ዲያግራም (ቅንጣቶች የሚገናኙበትን መንገድ በሚያሳይ ሥዕል) ልሠራ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ ደብተሬን ጨረስኩት፣ ስሌቱ ግን ወይ ፍንክች! አቋራጭ የለውም?

መልስ፦ አለው እንጂ ወንድሜ። ደብተሩ ማለቁ አይገርምም። ሁለት ገብተው ሁለት ሲወጡ፣ ያለ ሉፕ (በዲያግራሙ ውስጥ የተዘጋ ቀለበት ሳይኖር)፣ 4 ዲያግራም ይበቃል፤ ሦስት ሲወጡ 25፣ አራት ሲወጡ 220 ይሆናል። ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ከፎቶን ጋር በቀጥታ አይነካካም፣ ግሉዮን ግን ሦስትም አራትም ሆኖ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል፤ ጣጣው ሁሉ ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የቀለሙን (የግሉዮኖች ቻርጅ እንዲህ ይባላል) ክፍል ከሞመንተሙ ለይተህ አስቀምጥ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ግሉዮን ሄሊሲቲ (ስፒኑ በጉዞው አቅጣጫ ሲሆን ፕላስ፣ በተቃራኒው ሲሆን ማይነስ) ምረጥ። ሁሉንም ወደ ውስጥ እንደሚገቡ ቆጥረህ፣ ሁሉም ፕላስ ከሆኑ ወይም አንዱ ብቻ ማይነስ ከሆነ፣ ያለ ሉፕ ውጤቱ ዜሮ ነው። በነፃ! ሁለቱ ማይነስ ሲሆኑ ደግሞ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ፓርክና ቴይለር በ1986 ያወጡትን ቀመር ተጠቀም፤ በስፒነር (ሞመንተሙንና ሄሊሲቲውን አንድ ላይ በሚገልጹ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች) ሲጻፍ አንዲት መስመር ነው፣ እኔ እስካሁን ይደንቀኛል።

የሚያስቸግርህ ሦስት ማይነስ ሦስት ፕላሱ ነው። እሱን በብሪቶ፣ ካቻዞ፣ ፌንግና ዊተን ዘዴ ሥራው፤ የሁለት ግሉዮኖችን ሞመንተም በኮምፕሌክስ ቁጥር ታዛባና ትልቁ አምፕሊቲዩድ ፖሎቹ (ዋጋው ወደ ኢንፊኒቲ የሚሄድባቸው ነጥቦች) ላይ ወደ ትናንሾች ይበተናል፣ ትናንሾቹን ደግሞ ቀድመህ ታውቃቸዋለህ። የኳርክ ጥንድ ቢገባም ዘዴው ያው ነው። ሉፕ ከመጣ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፣ ዩኒታሪቲ (የዕድሎች ድምር ሁሌ አንድ መሆኑን ተጠቅሞ ባለ ሉፑን ከሉፕ አልባዎቹ የሚሠራ ዘዴ) የሚሉትን ማንበብ ይኖርብሃል።