መልስ፦ ለኤኤምሲ 10 የትኛውን የኦንላይን ኮርስ ላስይዘው?

ልጅዎ በትምህርት ቤት ሒሳብ ጎበዝ ሆኖ ሳለ በኤኤምሲ 10 (ለአሥረኛ ክፍልና ከዚያ በታች ላሉ ተማሪዎች በሚሰጠው የአሜሪካ የሒሳብ ውድድር) ልምምድ ከአሥረኛው ጥያቄ በኋላ የሚቆመው አልጀብራ ጎድሎት አይመስለኝም፤ ስለዚህ ሌላ የአልጀብራ ኮርስ ከማስመዝገብ ይልቅ መደበኛው ክፍል እምብዛም የማይነካቸውን የቁጥር ንድፈ ሐሳብንና የቆጠራና ፕሮባቢሊቲን ኮርሶች ያስቀድሙ።

ከ1 እስከ 100 ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ቢባዙ ውጤቱ በስንት ዜሮ እንደሚያበቃ ይጠይቁት። ማባዛት ከጀመረ ክፍተቱ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ላይ ነው። እያንዳንዱ ዜሮ ከ2 እና ከ5 ብዜት ስለሚመጣና 2 ስለሚተርፍ፣ የለመደ ተማሪ የሚቆጥረው 5ን ብቻ ነው፦ የ5 ብዜቶች 20 ናቸው፤ 25፣ 50፣ 75 እና 100 ደግሞ አንድ አንድ 5 ስለሚጨምሩ በድምሩ 24 ይሆናል።

ለሒሳብ ውድድር የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የኦንላይን ትምህርት ቤት የአርት ኦፍ ፕሮብለም ሶልቪንግ የቀጥታ ክፍሎች የሚካሄዱት በጽሑፍ ነው፤ የመምህር ድምፅ ካልሰማ ትኩረቱ ለሚበተን ልጅ ይህ አይመችም። አልኩመስ የተባለው መለማመጃቸው ግን በነጻ ስለሆነ ከመክፈልዎ በፊት ያስሞክሩት።

የማስጠናቸው ልጆች ሳያስፈልግ ነጥብ የሚጥሉት በጭፍን ግምት ስለሆነ አንድ ነገር ላሳስብዎ። ትክክለኛ መልስ 6፣ ባዶ የተተወ 1.5፣ የተሳሳተ 0 ያሰጣል። ከአምስት ምርጫ ዝም ብሎ መገመት በአማካይ 1.2 ብቻ ስለሚያስገኝ፣ ቢያንስ ሁለቱን ምርጫዎች በእርግጠኝነት መሰረዝ ካልቻለ ጥያቄውን ባዶ መተውን ከአሁኑ ይልመድ።