ሁለቱ ቢጫዎች፦ የኩራዙና የጨው

ልጆቼ፣ ደሴም ሁኑ ወልድያ፣ ኮምቦልቻም ሁኑ ባቲ፣ የነበልባል ቀለም ሙከራ የሠራ ተማሪ ሁሉ ሊሰናከልበት የሚችል አንድ ድንጋይ አለ። ጨው እሳት ላይ ቢጫ ይሰጣል፤ መጽሐፉ ፀሐይን ቢጫ ኮከብ ይላታል፤ «እንግዲያው ፀሐይ ሶዲየም ናት» ይባላል። አብሽሩ፣ ይህን ለመፍታት ውድ ዕቃ አያስፈልግም።

በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። የእንጨት ስንጥር ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። በማግስቱ እርጥቡን ጫፍ በጋዝ ምድጃ ሰማያዊ ነበልባል ጠርዝ ላይ ያዙት፤ እንጨቱ ራሱ መንደድ ሲጀምር አውጡት፣ ከዚያ በኋላ የምታዩት የእንጨቱን ብርሃን ነው። በሌላ ብርጭቆ የመዳብ ሰልፌት ብትዘፈዝፉ አረንጓዴ፣ የሊቲየም ጨው ደማቅ ቀይ፣ የፖታሲየም ደግሞ ፈዛዛ ሐምራዊ ታያላችሁ።

ሁሉም ቢጫ ከሆነባችሁ ጥፋቱ የጣታችሁ ነው። ላብ ውስጥ ጨው አለ፣ ሶዲየም ደግሞ በጣም ጥቂቱም ቢሆን ሌላውን ቀለም ይሸፍናል። ስንጥሩን በወረንጦ ያዙ፤ ብርጭቆ አታቀላቅሉ። ፖታሲየምን ኮባልት ባለበት ሰማያዊ መስታወት አሳልፋችሁ እዩት፤ መስታወቱ ቢጫውን ይውጠዋል። በጋዝ ምድጃ ፈንታ በስፒሪት (በአልኮል) እሳት የምትሠሩ ከሆነ፣ በሚነድ እሳት ላይ ስፒሪት ከጠርሙስ ማፍሰስ ግን በጭራሽ! እሳቱ በትነቱን ተከትሎ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል። የአልኮል ነበልባል በቀን ብርሃን በደንብ ስለማይታይ ጠፍቷል ብሎ መሸወድም አለ።

አሁን ከጨው እሳት አጠገብ የላምባ ኩራዝ አብሩ። ለዓይን ሁለቱም ቢጫ ናቸው። ክፍሉን አጨልማችሁ አሮጌ ሲዲ ዓይናችሁ አጠገብ አጋድማችሁ የየነበልባሉን ነጸብራቅ ተመልከቱ። የጨው ብርሃን ጎልቶ በቢጫው ቦታ ብቻ ይታያል፤ የኩራዙ ከቀይ እስከ ሰማያዊ ሳይቋረጥ ይዘረጋል። የጨውን ብርሃን የሚሰጠው የሶዲየም አቶም ነው፤ በሙቀት ከፍ ያለው ኤሌክትሮን ሲመለስ የሞገድ ርዝመቱ 589 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቢጫ ብርሃን ይለቃል። የኩራዙን የሚሰጠው ግን የጋለ ጥቀርሻ ነው። ሳህን ነበልባሉ ላይ ብትይዙ የሚያጠቁረው እሱ ነው።

የከዋክብት ቀለም ዝምድናው ከጥቀርሻው ጋር ነው። ቀጥቃጭ ወናፉን ሲነፋ ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ብርቱካንማ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ ቢጫና ነጭ ይሄዳል፤ ብረቱ ያው ብረት ነው፣ የተለወጠው ሙቀቱ ነው። ኮከብ ጋዝ ቢሆንም ብርሃኑ ከመውጣቱ በፊት ጥቅጥቅ ባለው ጋዝ ውስጥ ደጋግሞ እየተዋጠና እየተለቀቀ ስለሚያልፍ እንደ ጋለ ብረት የተዘረጋ ቀለም ይሰጣል። ቤቴልጉዝ የሚባለው ኮከብ ሙቀቱ 3,500 ኬልቪን (የሙቀት መለኪያ ነው) ገደማ ስለሆነ ቀላ ይላል፤ ራይጀል የሚባለው ኮከብ 12,000 ገደማ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላል። 5,800 ገደማ የሆነችው ፀሐይ ከከባቢ አየር ውጭ ስትታይ ነጭ ናት። እንደ መዳብ እሳት አረንጓዴ የሚታይ ኮከብ የሌለውም ለዚህ ነው፦ ብርሃኑ በአረንጓዴው ቢበረታ እንኳ ቀዩና ሰማያዊው አብረው ስለሚመጡ ዓይን ነጭ ያደርገዋል።

ሶዲየምስ? ፀሐይ ውስጥ አለ፣ ግን ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። በውጨኛው ቀዝቀዝ ባለ ጋዝ ውስጥ ያለው ሶዲየም ያንኑ 589 ናኖሜትር ይውጠዋል፤ ስለዚህ የፀሐይ ብርሃን ሲበተን በሚሠራው የቀለም ተርታ ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ፍራውንሆፈር እነዚህን ጥቁር መስመሮች በ1814 እ.ኤ.አ. መዘገበ፤ ምን እንደሆኑ ያስረዱት ግን ከ1859 ጀምሮ ሳይንቲስቶቹ ኪርሾፍና ቡንዘን ናቸው፣ ከነበልባል ጋር እያስተያዩ።

በጥር መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ከከተማ መብራት ራቅ ብላችሁ ቀና በሉ። ቤቴልጉዝ ከአናታችሁ ብዙም አይርቅም፣ ራይጀል ወደ ደቡብ ዝቅ ይላል፤ መሃላቸው ሦስቱ የተሰለፉ ከዋክብት አሉ። አድማስ አጠገብ ያለ ኮከብ አትምረጡ፤ አየሩ ቀለሙን ያብለጨልጨዋል። ባይኖኩላር ካላችሁ ትኩረቱን ትንሽ አዛቡት፤ ነጥቡ ሲሰፋ ቀለሙ ይጎላል።