የወንጀል ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲመለስ አስቀድሞ የሚወሰነው ነገር

ጠያቂያችን የወንጀል ልብ ወለድን ወደ ስክሪፕት የሚመልስ ጸሐፊ ለመጽሐፉ ምን ያህል ታማኝ መሆን እንዳለበት ጠይቀዋል። በዚህ ሥራ ላይ እንደቆየ ሰው ስመልስ፣ ከታማኝነት በፊት የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ ተመልካቹ ምስጢሩን የሚያውቀው መቼ ነው? በማንስ ዓይን?

ለዚህ ደጋግሜ የማየው እ.ኤ.አ. በ1944 ቢሊ ዋይልደር ዳይሬክት ያደረገውን «ደብል ኢንደምኒቲ» ነው። የጄምስ ኤም. ኬን መጽሐፍ አንድ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ከአንዲት ሴት ጋር ተመሳጥሮ ባሏን እንዴት እንደገደለ በራሱ አንደበት ይተርካል። ፊልሙ ትረካውን ሳይጥል ቦታና አድማጭ ሰጠው፤ የቆሰለው ሰው በሌሊት ቢሮው ገብቶ፣ በድምፅ መቅጃ ፊት ተቀምጦ፣ የካሳ ጥያቄዎችን ለሚመረምረው ባልደረባው ይናዘዛል። ወንጀለኛው ከመነሻው ስለሚታወቅ ተመልካቹን የሚይዘው ሰውየው እንዴት እንደሚያዝ የማየት ጉጉት ነው። መጽሐፉ በመርከብ ጉዞ ላይ ሲደመደም ፊልሙ ግን በዚያው ቢሮ በር ላይ፣ በሁለቱ ባልደረቦች መካከል ያበቃል፤ እኔ ይህን ለውጥ ከሁሉ የላቀ ውሳኔ አድርጌ አየዋለሁ።

ምልልሱም ተለውጧል። ከዋይልደር ጋር ስክሪፕቱን የጻፈው ሬይመንድ ቻንድለር የኬን ምልልስ የተጻፈው ለዓይን እንጂ ለጆሮ እንዳልሆነ ተከራክሮ ነበር፤ ተዋንያን ጮክ ብለው ሲያነቡትም ትክክል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መጽሐፉን የሚወዱትን ያህል ቢወዱት፣ ንግግሮቹን በሰው አንደበት ሳያሰሙ ወደ ስክሪፕትዎ አያሻግሯቸው።

በአንጻሩ ጆን ሂውስተን እ.ኤ.አ. በ1941 «ዘ ማልቲስ ፋልከን»ን ሲሠራ የዳሺል ሃሜትን ምልልስ በብዛት እንዳለ ወስዷል። ይህን ለማድረግ የቻለው ልብ ወለዱ ወደ መርማሪው ሐሳብ ፈጽሞ ስለማይገባ ነው፤ አንባቢው የሚያገኘው የሚታየውንና የሚሰማውን ብቻ ነው። ከእርሱ በፊት ይኸው መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ለፊልም ተሠርቶ የነበረ ቢሆንም የሚታወሰው የሂውስተን ነው።

እኔ ሥራ ስጀምር ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንባቢው፣ መርማሪውና ወንጀለኛው የሚያውቁትን በሦስት ዓምድ እጽፋለሁ። የማንኛቸውም ዕውቀት የማይለወጥበት ምዕራፍ፣ የቱንም ያህል ውብ ቢሆን፣ ለመቀነስ የመጀመሪያው ነው። ቁልፉ መረጃ በመርማሪው ሐሳብ ውስጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ያንን ሐሳብ በካሜራ ፊት የሚያወጣ ዕቃ፣ ሰው ወይም ድርጊት ሳላገኝ አንድም ትዕይንት አልጽፍም።