የፒኤልሲ ኮርሱ ትንሽ ይቆይ

ኤሌክትሪክ ተምረሽ ልትጨርሺ መሆኑን፣ የኢንስትሩሜንቴሽንና ኮንትሮል ቴክኒሺያን (የፋብሪካ መለኪያዎችንና መቆጣጠሪያዎችን የሚጠግን ባለሙያ) መሆን እንደምትፈልጊ፣ ጓደኞችሽ ግን «የፒኤልሲ ኮርስ ብቻ ይበቃሻል» እንዳሉሽ ጽፈሽልኛል።

አይበቃም። ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽኖችን በፕሮግራም የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ያስፈልግሻል፤ መጀመሪያ የምትማሪው ግን እሱ አይደለም። ትናንት ሲሠራ የዋለ ፕሮግራም ማንም ካልነካው ዛሬ ከመሬት ተነስቶ አይቀየርም። ሴንሰር ግን ይቆሽሻል፣ ተርሚናል ይላላል፣ ወደ ግፊት መለኪያው የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ይደፈናል፣ ቫልቭ ይጣበቃል። አብዛኛው የቴክኒሺያን ቀን የሚያልቀው እዚያ ነው፤ ላፕቶፕ ላይ አይደለም።

ለምሳሌ ኦፕሬተሩ ደውሎ «ታንኩ ሊሞላ ነው፣ ስክሪኑ ግን ግማሽ ነው ይላል» አለሽ እንበል። በብዛት የምታገኚው ሲግናል ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ነው፤ 4 ማለት ዜሮ በመቶ፣ 20 ማለት መቶ በመቶ። ስለዚህ ስክሪኑ 50 በመቶ ካለ ሽቦው ላይ 12 ሚሊአምፔር መኖር አለበት። ለካሽና 12 ካገኘሽ፣ ስክሪኑ የተነገረውን ነው የደገመው፤ ወደ ትራንስሚተሩ (ለክቶ ሲግናሉን ወደሚልከው መሣሪያ) ሂጂ። 19 ካገኘሽ ደግሞ ትራንስሚተሩን ተይው፤ ጥፋቱ ሲግናሉን የሚቀበለው ካርድ ወይም ስኬሊንጉ (ሚሊአምፔሩን ወደ በመቶ የሚቀይረው ስሌት) ጋ ነው። ምንም ከሌለ ሽቦ ተቆርጧል ወይም ፓወር የለም። ከዜሮ ሳይሆን ከ4 የሚጀመርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ባዶ ታንክና የተበጠሰ ሽቦ እንዳይምታቱ። ይህን አካሄድ የያዘ ሰው የማያውቀው ፋብሪካ ቢገባም አይጠፋበትም።

አሁን ምን ልለማመድ ካልሽ፣ ባለ 24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ ያገለገለ ትራንስሚተር እና 250 ኦም ሬዚስተር ካገኘሽ ትምህርት ቤትሽ እሱ ነው። ሬዚስተሩ ላይ ከ1 እስከ 5 ቮልት ታነቢያለሽ። መልቲሜትሩን ሚሊአምፔር ላይ አድርገሽ በቀጥታ ፓወር ሰፕላዩ ላይ እንዳትሰኪው ብቻ፣ ፊውዙ ይቃጠላል (ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚማረው)። የሙቀት መለኪያ ፒቲ 100ንም በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከተሽ ለኪው፤ ወደ 100 ኦም ይሰጥሻል፤ 100 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 138.5። የፋብሪካ መሣሪያዎችን ሥዕላዊ ንድፍ ማንበብም ጀምሪ፤ በመሣሪያው ምልክት ላይ የመጀመሪያው ፊደል የሚለካውን ነገር፣ ቀጣዮቹ የመሣሪያውን ሥራ ይናገራሉ። ካሊብሬሽን (መለኪያው ትክክል እንዲያነብ ማስተካከል) ስትሠሪ ደግሞ ከማስተካከልሽ በፊት ያገኘሽውን ንባብ መዝግቢ። ሰነፍ ቴክኒሺያን የሚዘለው ይህን ነው።

ሥራው ፈረቃ አለው፣ የሌሊት ጥሪ አለው፣ ከፍታና ሙቀት አለው። ይህ የማይመችሽ ከሆነ ከወዲሁ እወቂው። ክፍያውን ከቀጣሪ ቀጣሪ ስለሚለያይ አልነግርሽም፤ ሙያው ግን ከውሃ ማጣሪያ እስከ ሲሚንቶ፣ ከመድኃኒት እስከ ኃይል ማመንጫ ያስኬዳል።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ቫልቭ አልከፈት አለ፣ ከየት ትጀምሪያለሽ?» ሊሉሽ ይችላሉ። መፍቻ አነሳለሁ እንዳትዪ። መጀመሪያ ኦፕሬተሩን አናግሬ፣ በእሱ ፈቃድ ሎፑ (መለኪያው፣ ኮንትሮለሩና ቫልቩ በአንድ ላይ) ወደ ማንዋል፣ ማለትም ወደ እጅ ትእዛዝ፣ እንዲገባ አደርጋለሁ በዪ፤ አውቶ ላይ (ኮንትሮለሩ በራሱ እያዘዘ) እያለ ሲግናሉን ከነካሽ ቫልቩ ድንገት ሊከፈት፣ ሰው ሊጎዳ፣ መስመሩም ሊቆም ይችላል። ከዚያ ኮንትሮለሩ ክፈት ብሎ አዟል ወይ፣ ትእዛዙ ቫልቩ ጋ ደርሷል ወይ፣ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው አየር አለ ወይ እያልሽ በቅደም ተከተል ሂጂ።