መልስ፦ ለሄንሪ ሂል ማዘን ያሳፍራል?

የኒው ዮርኩን የማፊያ ወንጀለኛ የሄንሪ ሂልን እውነተኛ ታሪክ የሚተርከውን የኒኮላስ ፒሌጂን «ዋይዝጋይ» አንብበው ሲጨርሱ ለሂል ማዘንዎ እንደረበሸዎት ገልጸው፣ ሌላውም አንባቢ እንዲህ ይሰማው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ተሰምቶኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመው ይህ መጽሐፍ አብዛኛውን ታሪክ የሚያሰማን በራሱ በሂል አንደበት ነውና፣ ዘራፊው ጨዋታ አዋቂ ሲሆን አንባቢ ሳይታወቀው ከእርሱ ጋር ይወግናል።

እኔን ያነቃኝ የባለቤቱ የካረን ቃል ነው። ሂል እርሷን ያስቸገረውን ጎረቤት በሽጉጥ ደብድቦ ሲመለስ መሣሪያውን እንድትደብቅለት ይሰጣታል፤ እርሷም ከመሸሽ ይልቅ ትደብቅለታለች፣ ልቧም ይብሱን ወደ እርሱ ያዘነብላል። ከግድያዎቹ ሁሉ ይልቅ ይህች አጭር ትዕይንት አስፈርታኛለች።

ብዙዎችን የሚያስቆጣው ግን ገንዘቡ ነው። በ1980 በአደንዛዥ ዕፅ ተይዞ የመንግሥት ምስክር የሆነውና የማፊያ ሸሪኮቹን ጂሚ በርክንና ፖል ቫሪዮን ያስፈረደባቸው ይህ ሰው፣ በወኪሉ በኩል ከአሳታሚው 96,250 ዶላር ተከፍሎት ነበር። የኒው ዮርክ ግዛት፣ ወንጀለኛ ስለ ወንጀሉ ተርኮ የሚያገኘውን ገቢ በሚመለከት ሕጉ መሠረት ገንዘቡ ለተጎጂዎች እንዲውል ቢያዝዝም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 ሕጉ የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ሲል ሻረው። ውሳኔው በሕግ ረገድ ትክክል ይመስለኛል። ሆኖም በ1978 የእነ በርክ ቡድን ከኒው ዮርኩ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ 5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ጥሬ ገንዘብ ከዘረፈ በኋላ አንድ በአንድ የተገደሉትን ሰዎች የሚያስታውስ አንባቢ በዚህ ክፍያ ቢናደድ አልፈርድበትም።